በጠራ ሰማይ የሚመጣ መናወጥ፦ የማይታየውን አየር ስለ ማወቅና ስለ መጠንቀቅ



 የዛሬው ርእሳችን በዓይን የማይታይ፣ በአውሮፕላን ራዳርም የማይያዝ፣ ነገር ግን በየዓመቱ ሰዎችን የሚያቆስልና አልፎ አልፎም የሚገድል ክስተት ነው። የበረራ ባለሙያዎች «ክሊር ኤር ተርቡለንስ» ይሉታል። እኔ በዚህ ገለጻ «የጠራ ሰማይ መናወጥ» እለዋለሁ።

ከአንድ አሳዛኝ ታሪክ ልጀምር። እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1966 የብሪታኒያው ቢ.ኦ.ኤ.ሲ. አየር መንገድ ንብረት የሆነ ቦይንግ 707 አውሮፕላን ከቶኪዮ ተነሥቶ ወደ ሆንግ ኮንግ ጉዞ ጀመረ። ሰማዩ የጠራ ነበር፤ የፉጂ ተራራም ጎልቶ ይታይ ነበር። አውሮፕላኑ በተራራው አቅራቢያ ሲደርስ በአየር ላይ እንዳለ ተሰባበረ። በውስጡ ከነበሩት 124 ሰዎች አንድም አልተረፈም። ከአደጋው በኋላ ለፍለጋ የተላከ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጄት በዚያው አካባቢ ሲያልፍ እጅግ ብርቱ መናወጥ ገጠመው፤ በውስጡ የነበረው መለኪያም በአንድ በኩል እስከ 9 እጥፍ፣ በተቃራኒው በኩል እስከ 4 እጥፍ የመሬት ስበት የሚደርስ ጫና መዘገበ። በዚያ ቀን ብርቱ ነፋስ ተራራውን እየገጨ ያልፍ ስለ ነበር፣ የወንዝ ውሃ ድንጋይ ከመታ በኋላ ከድንጋዩ በስተጀርባ እንደሚናጥ ሁሉ፣ አየሩም ከተራራው ማዶ ይናጥ ነበር። የወንዙን መናጥ ግን አረፋው ያሳየናል። አየር አረፋ የለውም።

እንዲህ ያለ አደጋ ዛሬ እጅግ ብርቅ ነው። የዘመናችን የመንገደኞች አውሮፕላኖች የሚሠሩት ብርቱ መናወጥን እንዲችሉ ታስቦ ነው። ክንፋቸው ሲታጠፍ በመስኮት አይተን የምንሰጋው እንዲታጠፍ ተደርጎ ስለ ተሠራ ነው። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄያችን «አውሮፕላኑ ይችለዋል ወይ?» የሚል አይደለም። ጥያቄው «በውስጡ ያለው ሰው ይችለዋል ወይ?» የሚል ነው።

በዚህ ገለጻ ላስረዳ የምሻው አንድ ዐቢይ ነጥብ አለ። የጠራ ሰማይ መናወጥ የማይታይ ቢሆንም ሕግ የለሽ አይደለም። የሚፈጠርበትን ሁኔታ እናውቃለን፤ የሚፈጠርበትን ቅጽበት ግን አናውቅም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞሉልን ጥሩ ልኬትና መልካም ልማድ ናቸው።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና፣ ከአፈጣጠሩ እንነሣ።

ከባቢ አየር በንብርብር የተደራጀ ነው። በመደበኛው ሁኔታ ከታች ያለው አየር የከበደ፣ ከላይ ያለው የቀለለ ነው። ከታች ያለውን ጥቂት አየር ወደ ላይ ብንገፋው ከአካባቢው ስለሚከብድ ተመልሶ ይወርዳል፤ የነበረበትን ደረጃ አልፎ ጥቂት ይወርድና እንደ ገና ይወጣል። በዚህ ዓይነት ይወዛወዛል። ውዝዋዜው በፈጠነ ቁጥር አየሩ ይበልጥ የረጋ ነው እንላለን። ይህ እርጋታ መናወጥን የሚከለክል ጠባቂ ነው።

በሌላ በኩል ንብርብሮቹ እኩል አይጓዙም። የላይኛው ፈጥኖ፣ የታችኛው ዘግይቶ ሲነፍስ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ይህን ቁመታዊ የነፋስ ልዩነት ባለሙያዎች «ዊንድ ሺር» ይሉታል። ልዩነቱ ሲበረታ በሁለቱ ንብርብሮች መገናኛ ላይ ሞገድ ይነሣል፤ ሞገዱ ያድጋል፣ ጫፉ ይጠቀለላል፣ በመጨረሻም ተሰብሮ ወደ አዙሪት ይለወጣል። ይህን አለመረጋጋት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሄልምሆልትዝና ኬልቪን አጥንተውታል፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በቤተ ሙከራ ማየት የሚሻ ተማሪ ረዥም የመስታወት ቱቦ ወስዶ ግማሹን ቀለም በገባበት ውሃ፣ ግማሹን በዘይት ሞልቶ ይድፈነው፤ ካጋደመው በኋላ ፈጠን አድርጎ አንዱን ጫፍ ያንሣ። ውሃው ወደ ታች፣ ዘይቱ ወደ ላይ ሲንሸራተቱ በመካከላቸው ሞገድ ሲነሣ ያያል።

እንግዲህ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች አሉን፤ የሚያረጋጋው የክብደት ድርድርና የሚያናውጠው የነፋስ ልዩነት። የሁለቱን ሚዛን በአንድ ቁጥር የገለጸልን ብሪታኒያዊው የአየር ጠባይ ሊቅ ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ነው። የሪቻርድሰን ቁጥር የሚባለው የውዝዋዜው ድግግሞሽ ካሬ ለነፋሱ ልዩነት ካሬ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ማይልስና ሉዊስ ሃዋርድ ይህ ቁጥር በሁሉም ከፍታ ከ0.25 በላይ እስከ ሆነ ድረስ የንብርብሩ ፍሰት እንደማይናወጥ በሒሳብ አረጋገጡ። ቁጥሩ ከ0.25 በታች ሲወርድ በሩ ይከፈታል።

ቁጥሩን በተጨባጭ እንመልከተው። በላይኛው ትሮፖስፌር የውዝዋዜው ድግግሞሽ በሰከንድ 0.01 ገደማ ነው። የሪቻርድሰን ቁጥር 0.25 እንዲሆን የነፋሱ ልዩነት በሰከንድ 0.02 መሆን አለበት፤ ይህም ማለት 1 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ስንወጣ የነፋሱ ፍጥነት በሰከንድ 20 ሜትር መጨመር ወይም መቀነስ አለበት ማለት ነው። ከዚያ በላይ ባለው ስትራቶስፌር አየሩ ይበልጥ የረጋ ስለ ሆነ ድግግሞሹ ወደ 0.02 ይጠጋል፤ ያንን ለማናወጥ የሚያስፈልገው ልዩነት እጥፍ፣ ማለትም በ1 ኪሎ ሜትር 40 ሜትር በሰከንድ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ልዩነት የት ይገኛል? ዋነኛው ቦታ የጄት ነፋስ አካባቢ ነው። የጄት ነፋስ ትሮፖስፌርንና ስትራቶስፌርን በሚለየው በትሮፖፖዝ አጠገብ የሚፈስ ጠባብና ፈጣን የአየር ወንዝ ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ከማዕከሉ በላይና በታች ፍጥነቱ በአጭር ርቀት ይቀንሳል። የመንገደኞች አውሮፕላኖች ነዳጅ ለመቆጠብና ከዝቅተኛው ደመና በላይ ለመብረር የሚመርጡት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ያለው ከፍታም ይኸው አካባቢ ነው። ስለዚህ ለበረራ ምቹ የሆነው ከፍታና ለመናወጥ ምቹ የሆነው ከፍታ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ።

የተናወጠው ንብርብር ብዙ ጊዜ ስስ ነው። በአግድም ሰፊ ርቀት ሊሸፍን ቢችልም ውፍረቱ አዘውትሮ ከጥቂት መቶ ሜትሮች አይዘልም። አብራሪዎች መናወጥ ሲገጥማቸው ከፍታ ለመለወጥ ፈቃድ የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው። ጥቂት ሺህ ጫማ መውጣት ወይም መውረድ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

መጠኑም ትርጉም አለው። አውሮፕላንን የሚያናውጡት አዙሪቶች ስፋታቸው በግምት ከ100 ሜትር እስከ 1 ኪሎ ሜትር የሆኑት ናቸው። ከዚያ የሚያንሱት በአውሮፕላኑ አካል ላይ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ፤ ከዚያ የሚበልጡት ደግሞ አውሮፕላኑን ቀስ ብለው ከፍ ዝቅ ያደርጉታል እንጂ አይመቱትም። በሰከንድ 250 ሜትር የሚጓዝ አውሮፕላን የ500 ሜትር አዙሪትን በ2 ሰከንድ ያቋርጣል። አብራሪው ያለው ጊዜ ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ ሰው አካል እንምጣ። ብዙ መንገደኞች «አውሮፕላኑ አየር በሌለበት ጉድጓድ ውስጥ ገባ» ሲሉ እንሰማለን። አየር የሌለበት ጉድጓድ የለም። ያለው ወደ ታች ወይም ወደ ላይ የሚፈስ አየር ነው። «ወደ ላይ ተወረወርሁ» የሚለውም አነጋገር እርማት ያስፈልገዋል።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረ የሲንጋፖር አየር መንገድ ቦይንግ 777 አውሮፕላን 211 መንገደኞችንና 18 ሠራተኞችን ይዞ በማያንማር ሰማይ ላይ በ37,000 ጫማ ከፍታ ሳለ ብርቱ መናወጥ ገጠመው። አንድ መንገደኛ ሞተ፤ በርካቶች ቆሰሉ፤ አውሮፕላኑም ባንኮክ ለማረፍ ተገደደ። የሲንጋፖር መርማሪዎች የመጀመሪያ ሪፖርት አውሮፕላኑ በማደግ ላይ ባለ የነጎድጓድ ደመና እንቅስቃሴ በላይ ሳያልፍ እንዳልቀረ ይገልጻል፤ ስለዚህ ክስተቱ በጠባቡ ትርጉም የጠራ ሰማይ መናወጥ ነው ለማለት አልደፍርም። በአካል ላይ የሚሠራው ፊዚክስ ግን አንድ ነውና ቁጥሮቹ ያስተምሩናል።

የመዝገብ መሣሪያው እንዳሳየው ቁመታዊው ጫና በ0.6 ሰከንድ ውስጥ ከ1.35 የመሬት ስበት ወደ ነጌቲቭ 1.5 ወረደ፤ ከዚያም በ4 ሰከንድ ውስጥ ወደ 1.5 ተመለሰ። የከፍታው ለውጥ 178 ጫማ፣ ማለትም 54 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። መሣሪያው 1 ሲያሳይ እንደ ወትሮው ተቀምጠናል፤ 0 ሲያሳይ ክብደት የለንም፤ ከ0 በታች ሲወርድ ደግሞ አውሮፕላኑ እኛ በነጻ ከምንወድቀው በላይ ፈጥኖ ወደ ታች ይሄዳል። ቀበቶ ያላሰረ ሰው በመሬት ስበት ብቻ ይወድቃል፤ ጣሪያው ግን እየቀደመው ይወርዳል። ስለዚህ ሰውየው ወደ ጣሪያው አልተወረወረም፤ ጣሪያው ወደ እሱ መጣ እንጂ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ነጌቲቭ 1.5 ባለበት ጊዜ በሰውና በጣሪያ መካከል ያለው አንጻራዊ ፍጥንጥነት በሰከንድ ካሬ 15 ሜትር ያህል ነው። በራስና በጣሪያ መካከል 1 ሜትር ርቀት አለ እንበልና ንባቡ ሳይለወጥ ይቆያል ብለን እናስላ፤ ግጭቱ የሚደርሰው ከ0.4 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሲሆን ፍጥነቱም በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ ቀበቶ ሊያስር ቀርቶ ሊደነግጥ እንኳ አይበቃውም። በዚሁ ስሌት 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ ቢሆን፣ 15 ኪሎ ግራም ዕቃ በሚከብድበት ኃይል ወደ ላይ ያመልጣታል። በብዙ አገሮች ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በጭን ላይ እንዲጓዝ ደንቡ ይፈቅዳል። የእናት እጅ ፍቅር አያንሰውም፤ ፊዚክሱ ግን ከእጅ በላይ ነው።

በዚያ በረራ ላይ የቀበቶ ምልክቱ መብራቱ የተገለጸው ዋናው መውረድ ከመከሰቱ 8 ሰከንድ ገደማ አስቀድሞ ነበር። ለተቀመጠ ሰው 8 ሰከንድ ይበቃል። ምግብ ለሚያቀርብ የበረራ አስተናጋጅ ግን አይበቃም። የአሜሪካ ፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር አኃዝ እንደሚያሳየው በዚያ አገር አየር መንገዶች እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2022 በመናወጥ ምክንያት ከባድ ጉዳት ከደረሰባቸው 163 ሰዎች መካከል 129ኙ የበረራ ሠራተኞች ነበሩ። የዚህን ክስተት ዋጋ በይበልጥ የሚከፍሉት እኛን ሊያገለግሉ የቆሙት ናቸው።

ታዲያ ለምን አስቀድመን አናየውም? የአውሮፕላን ራዳር የሚያየው የዝናብ ጠብታን ነው፤ የላከው ሞገድ ጠብታውን መትቶ ሲመለስለት ደመናውን ያውቃል። በጠራ ሰማይ ጠብታ የለም፤ ሞገዱም አይመለስም። በሌዘር ብርሃን የሚሠራው ላይዳር በአየር ውስጥ ከተበተነው ረቂቅ ብናኝ የሚመለሰውን ብርሃን ስለሚለካ ተስፋ የሚጣልበት መሣሪያ ነው። የጃፓን የሕዋ ምርምር ተቋም ያበለጸገው ላይዳር በሙከራ በረራ በአማካይ እስከ 17.5 ኪሎ ሜትር ድረስ ፊት ለፊት ያለውን አየር ለክቷል። በተለመደው የአውሮፕላን ፍጥነት ይህ 70 ሰከንድ ያህል ነው። ከመናወጡ ለመሸሽ አይበቃም፤ ለመቀመጥና ቀበቶ ለማሰር ግን ይበቃል።

ትንበያውም የራሱ ወሰን አለው። ዓለም አቀፍ የአየር ጠባይ ሞዴሎች ምድርን የሚከፍሉበት መረብ አንዱ ዓይን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። አውሮፕላኑን የሚመታው አዙሪት ደግሞ ከ1 ኪሎ ሜትር ያንሳል። ስለዚህ ሞዴሉ አዙሪቱን አያየውም፤ የሚያየው አዙሪቱ ሊወለድበት የሚችለውን ሁኔታ ነው። «ለንደን» እና «ዋሽንግተን» ተብለው የሚጠሩት የዓለም የበረራ ትንበያ ማዕከላት ይህን ሁኔታ በተለያዩ ጠቋሚዎች አስልተው ለአየር መንገዶች ያሠራጫሉ። ልኬቱም ዛሬ «ኢ.ዲ.አር.» በሚባል መጠን ይገለጻል፤ ይህም የአዙሪቶች ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለወጥበትን መጠን መሠረት ያደረገ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ትንሽ አውሮፕላን «ብርቱ» ያለውን መናወጥ ትልቅ አውሮፕላን «ቀላል» ሊለው ይችላል፤ ኢ.ዲ.አር. ግን የአውሮፕላኑን ስሜት ሳይሆን የአየሩን ሁኔታ ይናገራል።

አሁን ደግሞ ክስተቱ እየተለወጠ ነው። የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን አትላንቲክ አንድ አማካይ ቦታ ላይ ብርቱ የጠራ ሰማይ መናወጥ በዓመት የሚቆይበት ጊዜ በ1979 ከነበረው 17.7 ሰዓት በ2020 ወደ 27.4 ሰዓት ማደጉን አሳይተዋል፤ ጭማሪው 55 በመቶ ነው። ቁጥሩን በልኩ እንያዘው፤ 27.4 ሰዓት ከዓመቱ ጊዜ 0.3 በመቶ ገደማ ነው። መብረርን የሚያስፈራ አይደለም፤ ነገር ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው። ምክንያቱም ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። በምድር ገጽ የሰሜን ዋልታ ከምድር ወገብ ይልቅ ፈጥኖ ይሞቃል። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በሞቃቱ ቀጠና ያለው የላይኛው አየር ሲሞቅ በዋልታ በኩል ያለው ስትራቶስፌር ይቀዘቅዛል። በሰሜንና በደቡብ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ሲሰፋ ነፋሱ ከከፍታ ጋር የሚለወጥበት መጠንም ይጨምራል። የሪቻርድሰን ቁጥርም ይወርዳል።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመለስ የራሳችን ሁለት ወንዞች አሉን። በበጋ ወራት የንዑስ ሐሩሩ የጄት ነፋስ ከሰሜን አፍሪካ ወደ ዓረቢያ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ይፈስሳል፤ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚሄድ አውሮፕላን ሊያቋርጠው ግድ ነው። በክረምት ደግሞ የሐሩሩ ምሥራቃዊ የጄት ነፋስ ከሕንድ በኩል መጥቶ በእኛ ሰማይ ላይ ያልፋል። ማዕከሉ ከ14 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን ከተለመደው የበረራ ከፍታ በላይ ነው፤ ነገር ግን የክረምቱ የነጎድጓድ ደመና እስከዚያ ከፍታ ሲወጣ በደመናው ዙሪያና በላዩ ያለውን የጠራ አየር ጭምር ያናውጣል። በዚህ ላይ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሱ ተራሮች አሉን፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ስናውቅ ያጣነው ነገር ልኬት ነው። ስለ ሰሜን አትላንቲክ ያነሣሁት ዓይነት አኃዝ ስለ አፍሪካ ቀንድ ባለማንሣቴ ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ ትክክል ናችሁ። በአፍሪካ ሰማይ ላይ የአየር ጠባይን የሚለኩ ፊኛዎች የሚለቀቁባቸው ጣቢያዎች ጥቂቶች ናቸው፤ አውሮፕላኖች በበረራ ላይ ሆነው የሚያስተላልፉት መረጃም ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ትንበያ የሚታረመው በልኬት ነው፤ ልኬት በሌለበት የተሳሳተ ትንበያ ስሕተቱን የሚነግረው የለም።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ ልተው። የአውሮፓ የመካከለኛ ዘመን የአየር ጠባይ ትንበያ ማዕከል «ኢ.አር.ኤ.5» የተባለውን የረዥም ዘመን መረጃ ለማንም በነጻ ይሰጣል፤ የሬዲንጉ ጥናትም የተሠራው በእርሱ ነው። የነፋስና የሙቀት መረጃውን አውርዳችሁ ከቦሌ እስከ ሜዲትራኒያን ባለው የበረራ መሥመር ላይ የሪቻርድሰንን ቁጥር በየወሩ አስሉ። የተራቀቀ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ይበቃዋል። ውጤቱን ከአብራሪዎች ሪፖርት ጋር ማነጻጸር ቢቻል ደግሞ ለአገራችን አቪዬሽን የሚጠቅም እውነተኛ አስተዋጽኦ ይሆናል።

ከመደምደሜ በፊት የልማዱን ጉዳይ ላንሣ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ እውነተኛ ችግር አለ። አብራሪው የቀበቶ ምልክቱን በጥቂቱ ካበራ ያልታሰበው መናወጥ ሰው ይጎዳል። ሁልጊዜ ካበራ ደግሞ ምልክቱ ክብሩን ያጣል፤ መንገደኛው መብራቱን እንደ ጌጥ ያየዋል፤ እርግጠኛው ማስጠንቀቂያ ሲመጣም አይሰማም። ይህን ችግር ቴክኖሎጂ ብቻውን አይፈታውም። ሊፈታው የሚችለው መንገደኛው ምልክቱ ጠፍቶም ሳለ በተቀመጠበት ጊዜ ሁሉ ቀበቶውን ላላ አድርጎ እንዲያስር የሚያደርገው ዕውቀት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሁኔታውን እናውቃለን፤ ቅጽበቱን አናውቅም ብዬ ነበር። የተመራማሪው ሥራ ሁኔታውን ወደ ቅጽበቱ እያቀረበ መሄድ ነው፤ ሥራው ግን በእኛ ዕድሜ የሚጠናቀቅ አይመስለኝም። እስከዚያው ድረስ በ0.4 ሰከንድ ውስጥ ሊደረግ የማይቻለውን ነገር አስቀድሞ ማድረግ የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው።